ለሳሳ አየር የተሠራ ክንፍ

ክንፉ የወጣልኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት ሳይሄድ። ይህን ለወሬ ማጣፈጫ ያመጣሁት አይደለም። ማራኪ ባለው የዩኒቨርሲቲያችን ኮምፒውተር ክፍል አንድ ረጅም ስሌት መብራት ሳይቆርጠው ከዳር ደረሰ ማለት ለታቦት ስለት የሚያስገባ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወረደ፣ ወረደ፣ በመጨረሻ ከዚህ በታች አልወርድም ብሎ ተጋደመ። መስመሩ የአየሩ ጉተታ ነበር፤ ክንፉ ወደ ፊት ልሂድ ሲል አየሩ ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል። ከዚያ በታች አልወርድም ካለ፣ ባስቀመጥኩለት ገደብ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አላገኘም ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ዘበኛው አበደች ብሎ እንዳይመጣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ያን ክንፍ ዛሬ ሌላ ሰው የእኔ ነው ይላል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አብርቶ ያስረዳል፤ ያጨበጭቡለታል። እኔ እዚሁ ማራኪ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መስመር በማስመሪያ እንዴት እንደሚሰመር አሳያለሁ። ከዚህ በኋላ በምለው ውስጥ ንዴት ካለ፣ አዎ፣ አለ። አልደብቅም።

ነገሩ ውድድር ነበር። አንድ የውጭ ድርጅት ለደጋ አገር የሚሆን ትንሽ አውሮፕላን አስቦ፣ ክንፉን ለውድድር አወጣው። ሰው አይጭንም፤ ደምና መድኃኒት ይዞ መኪና ከማይገባበት ጤና ጣቢያ ደርሶ የሚመለስ ነው። ላሸነፈው የሚሰጠው የዶክትሬት ትምህርት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ። ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት ልናገር ብል ቃል ያጥረኛል። እናቴ ሞታለች። እኔና አባቴ ብቻ ነን። ከአባቴ ግቢ ከወጣሁ ሰው እሆናለሁ፣ ካልወጣሁ እዚያው ሻጋታ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ነበር የማስበው። መውጫዬ ያ ክንፍ ነበር።

ሰው የክንፍ ቅርጽ መፈለግ ሲባል እንጨት እየጠረቡ ማየት ይመስለዋል። የእኛ ሥራ እንዲያ አይደለም። የክንፉን ጠርዝ በነጥቦች ይዘን ኮምፒውተሩ በዚያ ላይ አየር እንዲያሳልፍ እናደርጋለን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ ይህችን ትንሽ ከፍ ባደርጋት ጉተታው ይቀንሳል ወይስ ዝቅ ባደርጋት ብለን እናስላለን። በሚቀንስበት በኩል ጥቂት ገፋ እናደርጋትና ስሌቱን እንደገና ከሥር እንጀምራለን። እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ቀኑ ይመሻል፣ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ይባላል፣ ትናንት ከደረስኩበት እቀጥላለሁ።

ታዲያ ኮምፒውተር ያልተነገረውን አያስብም። ጉተታ ቀንስ ስለው ክንፉን እንደ ወረቀት አሳሳው፤ የራሱን ክብደት እንኳ አይሸከምም። ውፍረትህ ከዚህ እንዳያንስ አልኩት፤ እሺ ብሎ የኋላ ጠርዙን ቆለመመውና የአውሮፕላኑን አፍንጫ የሚደፋ ነገር አወጣ። እሱንም ከለከልኩት። ያን ጊዜ ደግሞ በአንዲት ፍጥነት ብቻ ወደር የሌለው፣ ትንሽ ቀስ ሲል ግን አየሩ ከጀርባው ተላቆ እንደ ድንጋይ የሚወድቅ ክንፍ ሰጠኝ። ጨጓራዬን ላጠው። በመጨረሻ መነሻውንም፣ መሄጃውንም፣ ማረፊያውንም አንድ ላይ እንዲያይ አድርጌ፣ ከሁሉም ጋር የሚስማማ ቅርጽ እንዲፈልግ አስገደድኩት። ሐሙስ ዕለት የወጣው እሱ ነው።

ከእኔ በፊት አማካሪዬ ሞክሮት ነበር። አማካሪዬ የምለው በትምህርት ክፍላችን፣ እያስተማርኩ የምሠራውን የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የሚመራውን መምህር ነው። አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት ወደ ኋላ ይታያል። የእሱ ክንፍ በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ሸጋ ነበር፤ በጣም ከመሸገኑ የተነሳ ጠረጠርኩት። ገብቼ ሳየው አየሩን የባሕር ወለል አየር አድርጎታል። ሶፍትዌሩ ሲመጣ እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የሠሩት ሰዎች ባሕር አጠገብ ይኖራሉ መሰለኝ። እሱ የዳባት ልጅ ነው። ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። እንግዲህ ከደጋ ወጥቶ ደጋ ለሚበር አውሮፕላን፣ አይተነው የማናውቀውን የባሕር ዳርቻ አየር ሰጥቶ ክንፍ ሠራ። ደባርቅ ላይ በበጋ፣ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብና ከዚያም በላይ የሳሳ ነው። ያ ክንፍ እዚያ ቢሄድ ከመሬት አይነሳም ነበር።

ይህን ለአማካሪዬ የነገርኩት በር ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ታላቅ የሚታረመው እንዲያ ነው፤ ቤታችን እንደዚያ ነው ያሳደገኝ። "ሸጋ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን አልነካውም። እኔም አምኖ የተወልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። አይ እኔ!

አማካሪዬን የማውቀው ግን ከትምህርት ክፍል አይደለም። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከአራዳ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ደብር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። እሱ ከዳባት ገጠር የመጣው ከእሳቸው ቅኔ ሊማር ነው። ጎጆው ከግቢያችን አጥር ሥር ነበረች። እናቴ በሕይወት ሳለች ከቤታችን ነው የበላው። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ወንድም ጋሼ እለው ነበር። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ልማር ሲል ሌሎቹ መምህራን ሲያኮርፉ አባየ ግን መርቀው ላኩት። ስለዚህ ለአባየ ተማሪ ብቻ አይደለም። የእሳቸው ዘር በሉት።

ቅኔ እንዴት እንደሚባል ላልገባው ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ ያለዚያ የሆነብኝ አይገባም። በማኅሌት ቅኔ የሚያቀርበው ሰው ሁልጊዜ ቅኔውን የቆጠረው፣ ማለት የደረሰው፣ ሰው አይደለም። አባየ ቤት ሆነው፣ ወይም እዚያው ቆመው፣ አዲስ ቅኔ ይቆጥራሉ። ከዚያ ድምፁ ላማረ ካህን፣ ወይም አእምሮው ለደከመ ሽማግሌ፣ በጆሮው ስንኝ በስንኝ ያቀብሉታል። እሱ በዜማ ከፍ አድርጎ ይለዋል። ሊቃውንቱ "ይበል፣ ይበል" ይላሉ። የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። አንዴ የተባለ ቅኔ ደግሞ ለነገ አይደገምም፤ በዚያው ያልቃል። ልጅ ሳለሁ እናደድ ነበር። ምነው የእኔ ነው አይሉም እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ነገ ሌላ አለ፣ የሚቆጥር ሰው አይጎድልበትም ይሉኛል። የአንድ ሰውን ክብር ከፍ ማድረግ በእሳቸው ዘንድ ቅኔ ከመቁጠሩ ይበልጥ ነበር። እኔ ሴት ነኝና ከጉባኤው አልተቀመጥኩም፤ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ ነው ያን ሁሉ የሰማሁት።

ክንፉ ከወጣ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ አማካሪዬ ስኳርና ቡና ይዞ ቤታችን መጣ። የአባየን ጉልበት ሳመ። እኔን ደህና ነሽ ብሎ አለፈኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ድምፁ ይሰማኛል። ይህ ውድድር የዕድሜ ገደብ አለው፣ ለእኔ ዘንድሮ ካለፈ አለፈ ይላል። ሚስትና ልጅ አለኝ ይላል። እሷ ገና ልጅ ናት፣ ለእሷ በየዓመቱ ይመጣል ይላል። ሥራው ከእኔ ሙከራ ነው የተነሳው ይላል፤ ያን የባሕር ወለል ክንፉን ማለቱ ነው! ቀጥሎም የእኔ ፊርማ ከሌለበት ሥራዋ መቼም ከዚህ አይወጣም አለ፤ ማስፈራራት እንዳይመስል ለስለስ አድርጎ። ደሜ ፈላ።

አባየ ሲሰሙ ቆዩና ጠሩኝ። ወጣሁ። አማካሪዬ ወለሉን ያያል። አባየ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይህን ክንፍ ለወንድምሽ ስጪው" አሉኝ። "አንቺ ነገ ሌላ ትቆጥሪያለሽ።"

ቆሜ ለማስረዳት ሞከርኩ። አባየ ይህ ቅኔ አይደለም አልኩ። ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፣ ስሙ አንዴ ከተላከ አይመለስም፣ ነገ ሌላ ብሠራ የሚቀበለኝ የለም አልኩ። አባየ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ ሐሳባቸው ሲሠራ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ቃላቸው ያው ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ያውም ያሳደጉት ተማሪ ተቀምጦ፣ በእኛ ቤት የኔታን አይሆንም የሚል የለም። ሰማይ ይደፋል። ቢያንስ ስሜ ከስሙ ጋር ይግባ አልኩ። አማካሪዬ ያን ጊዜ ቀና አለና እሱማ ምን ጥያቄ አለው አለኝ። ሰኞ ሁሉንም በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት።

ስሜ አልገባም። ሥራው ታትሞ ሲመጣ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከመጨረሻው ገጽ፣ ምስጋናው ላይ፣ መረጃ በማጠናቀር ላገዘችኝ እህቴ ይላል። እህቴ! መረጃ በማጠናቀር!

አሸነፈ። ከመሄዱ በፊት አባየን ሊሰናበት ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። የኔታ ተማሪዎ ሰማይ ገባ እያሉ አባየን እንኳን ደስ ያለዎት ይሏቸዋል። እኔ ጠላ እቀዳለሁ። አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ለክፋት አይደለም፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው አለችኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ተመልሼ ገብቼ ቀዳሁ።

በየዓመቱ ይመጣል ያለው ውድድር አልመጣም። መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ድርጅቱ ሰዎቹን ሰብስቦ ሄደ። ኢንተርኔት ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ አመለክታለሁ። የሠራሽውን አሳዪ ይላሉ። የሠራሁት ያን ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? ከአንዱ ቦታ መልስ መጣልኝ። የላክሽው የክንፍ ሥራ ቀደም ብሎ በታተመ የሌላ ተመራማሪ ሥራ ውስጥ ያለ ነው፣ ምንጭሽን ለምን አልጠቀስሽም ይላል። በገዛ ክንፌ ሌባ ተባልኩ። ያን መልስ ያነበብኩት ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። አስተናጋጁ ምነው ደህና ነሽ ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ ማመልከቱን ተውኩት።

እንዴት ታዲያ ከአባትሽ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖርሽ ብትሉኝ፣ መልሴ አንድ ነው። አላወቁም። ይኼን እየደጋገምኩ ለራሴ እነግረው ነበር። አባየ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቅኔ ሌላ አላዩም። ጎበዝ ሰው ዛሬ ሰጥቶ ነገ አዲስ ይቆጥራል፤ የእሳቸው ዓለም ይኸው ነው። ክንፉንም እንደዚያ ነው ያዩት። ያደረጉብኝ ክፋት ሳይሆን ራሳቸው የኖሩበት ደግነት ነው እላለሁ። አንጀቴ ሲቃጠል ይህንን አስቤ እበርዳለሁ። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አደርሳለሁ፣ ከዓይናቸው የተነሳ ማንበብ ሲያቅታቸው አነብላቸዋለሁ። ቂም አልያዝኩም። ካላወቀ ሰው ላይ እንዴት ቂም ይያዛል?

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አማካሪዬ መጣ። ኮቱ አዲስ ነው፤ አማርኛው ውስጥ እንግሊዝኛ በዝቷል። እንደገና የአባየን ጉልበት ሳመ። ተቸግሬያለሁ አለ። እሱ ያለበት ቦታ ሰዎች አውሮፕላኑን ትልቅ አድርገው ዕጥፍ እንዲሸከም ፈልገዋል። እሱ ያንኑ ቅርጽ ይዞ አሰፋው፤ ልብስ ይመስል! ክንፍ እንዲያ አይሆንም። ሲተልቅና ሲፈጥን አየሩ በላዩ የሚሄድበት አኳኋን ሌላ ነው፤ ፍለጋው ከሥር መጀመር አለበት። እሱ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ክንፍ ላይ ቆሞ ሲናገር፣ ያ ቅርጽ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልጠየቀም። እንዲያው እጅሽን ብታስገቢልኝ አለኝ፤ በዚህኛው ስምሽን አስገባለሁ አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አባየ ወደ እኔ ዞሩ። "ወንድምሽ ተቸግሯል" አሉ።

አልችልም አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሦስታችንም ግን ሰማነው። አማካሪዬ ፊቱ ጠቆረ። እንግዲህ የኔታ ይምከሩሽ ብሎ ተነሳ፣ ወጣ። ባጃጅ ሲጠራ ከውጭ ድምፁ ይሰማን ነበር።

አባየ አንገታቸውን ደፉ። ሳያቸው አሳዘኑኝ። በልጃቸው አፍ፣ በተማሪያቸው ፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው አይሆንም ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነው። አጠገባቸው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ላጽናናቸው ፈለግሁ። እንዲህ አልኳቸው፤ "አባየ፣ ያን ጊዜ ስጪው ሲሉኝ ባለማወቅ ነው። እንደ ቅኔ መስሎዎት ነው። አልተቀየምኩዎትም፤ አሁን ግን ይወቁልኝ ብዬ ነው።"

እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው እጄ ላይ ጫኑት። እጃቸው ቀሎ ነበር።

"ባለማወቅ አይደለም" አሉኝ። "ቅኔ እንዳልሆነማ ነግረሽኝ የለ። ገብቶኛል። እሱ ቢሄድ ተማሪ ነው፣ ሌላ ተማሪ ይመጣል። አንቺ ብትሄጂ እኔ ማን አለኝ?"

ይቅርታ አላሉኝም። በጓሮ በኩል ተማሪዎቹ ለማታ ነገራ፣ ለየኔታ ለሚያሰሙት ቅኔ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ ይሰማል። እጄን ከእጃቸው ሥር ላወጣ ፈልጌ ነበር፤ አላወጣሁም። ስንት ዓመት የኖርኩባት አንዲት ሰበብ ነበረችኝ፣ እሷን ነው የወሰዱብኝ። ክንፉን ሲወስዱብኝ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ጠላኋቸው፤ አባቴን ጠላሁ፤ ይህን ስጽፍም ያ ስሜት ሙሉ በሙሉ ሄዷል አልልም።

የደም ግፊት ኪኒናቸው ሰዓት ደርሶ ነበር። ተነሳሁና ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ሌላ የሚሰጣቸው ሰው የለም፤ ይህንንም አስቀድመው አስበውበታል።